ከልብ

ሐምሌ ነው፣ ጀህራ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣
ከሰማይ ይወርዳል የቀለጠ ብረት።
የኤሲው ሞተር ጓሮ እያጓራ ቆሞ፣
የቤቱን ወበቅ ሁሉ ይተፋል ደጋግሞ፤
ከዚያ ሞተር እግር፣ በሁለት ክንድ ሰንሰለት፣
ጎኑ ማበጠሪያ የመሰለ ሰሉቂ ታስሮ አገኘሁት።
ምላሱ ደረቱ ላይ፣ ዓይኑ ግን እኔ ላይ፤
ውሃው በሳህኑ ልክ እንደ ፈላ ሻይ።

«ከልብ!» ብላ ጮኸች ማዳም ሙዲ በመስኮት።
ከመጣሁ ሳምንቴ ነው፣ የቋንቋው ባይተዋር ነኝ በእውነት፤
ከልቧ የምትወደው፣ የምትሳሳለት
መስሎኝ፣ በረዶ ይዤ እየሮጥኩ ወጣሁለት።
ኋላ ነው ሹፌሩ፣ ኩርያን፣ ያስረዳኝ በሳቅ፦
ከልብ ማለት ውሻ፤ ሌላ ፍቺ እንዳልጠብቅ።
እኔ የወረባቦ ልጅ፣ ቅኔ ቤት ባልውልም፣
የሰማሁትን ወርቅ ለሰም አልመልስም።

መጀመሪያ ሳህኑ። ብረቱን አነሳሁ፤
አበባ የሞተባት ወፍራም ሸክላ አጥቤ፣
ቀዳዳዋን ደፍኜ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሞላሁ።
ቀጥሎ መኝታው፦ ሰድሩ መዳፉን ልጦታል፤
ከጀምዒያው ጀርባ የዕቃ ርብራብ ተጥሏል፤
ኩርያን ከመኪናው ኋላ ጭኖ አመጣልኝ፤
«አልጋሽ ነው ወይ?» ብሎ ደግሞ ሳቀብኝ።
ከመሬት ስንዝር ከፍ፣ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ፣
ላዩ ላይ ልጆቹ የጣሉት ምንጣፍ፤
ጥላው የድንኳን ሸራ፣ ጠርዙ የተቀደደ፣
ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትሄድ እሱም እየሄደ።
አንድ ቀሚስ ለሱ፣ አንድ ለሶላቴ ለየሁ፤
ምራቁ ከነካኝ ሰባት ጊዜ እታጠባለሁ።

ሰንሰለቱ ቀረ። እሱ ነው የከበደኝ።
«ይጠፋል» አለችኝ፤ «ይናከሳል» አሉኝ።
ዱዌጅ፣ የአሥር ዓመቱ፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፣
ከመጋረጃ ኋላ ሁልጊዜ የሚያየው።
አንድ ማታ እጁን ይዤ ጆሮውን አስነካሁት፤
«ሐር ነው!» አለ ልጁ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው ወደ ቤት?
መዥገር ስንለቅምለት እስኪመሽ ተቀመጥን።
በማግስቱ ሽቦ ከግንብ ግንብ ወጠርን፣
ቀለበት አገባን፣ ማሰሪያውን አንሸራተትን፣
ሃያ እርምጃ አገር ለውሻው ሰጠን።

ከፈጅር በፊት ደግሞ፣ ገና ሳይነጋጋ፣
የእጄን ጀርባ ዘርግቼ ከአስፋልቱ ጋ፣
እስከ ሰባት ድረስ ቀስ ብዬ እቆጥራለሁ፤
እኔ ከቻልኩት ይችላል፤ ይዤው እወጣለሁ።
ከዚያ በፊት እኔ፣ ሁለት ወር ሙሉ፣
የበሩን ማዶ የማውቀው ሌሎች ሲያወሩ ሲሉ።
ማን ማንን መራ? እንጃ። የዳቦ ቤቱን ጭስ አየሁ፣
ከሩቅ የባሕሩን ጨው በአፍንጫዬ ቀመስኩ፣
አንድ የአገሬ ልጅ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ
«አንቺም ሐበሻ ነሽ?» ብላኝ፣ ሳልመልስላት በር ዘጋች ፈርታ።

አንድ ሐሙስ ማዳም ካርቶን አስይዛ መጣች፤
ውሃ የሚረጭ ማራገቢያ ለውሻው ገዛች።
«ምስኪን ከልብ» አለች። ድምጿ ለሰለሰ፤
እኔ ቆሜ ሳይ፣ ላቤ አንገቴን አራሰ።
ክፍሌ ሰገነት ላይ ነው፣ ከታንከሩ ጥግ፣
ሌሊት ግድግዳው እንደ በሽተኛ ግንባር የሚግል፣ የሚያልበኝ ግድግድ።
ለሱ ጥላ ስሰቅል፣ ለሱ ውሃ ስቀዳ፣
ለራሴ አንድ ቃል ሳይወጣኝ፣ እንደ እንግዳ፣
«ማዳም፣ ለኔም አንድ» አልኩ። ቃሉ አመለጠኝ።
ዝም አለች። አየችኝ። መጀመሪያዋ ነው መሰለኝ።
ቅዳሜ መጣልኝ፤ ያገለገለ ነው፣ ይንቀጠቀጣል፣
አንድ ክንፉ ተሰብሯል፤
ቢሆንም ይነፍሳል።

አሁን ኅዳር ሆኗል። ዱዌጅ ስም አውጥቶለት
«ሰህም» ይለዋል፣ ቀስት ለማለት።
እኔ ግን ስጠራው በድሮው ስሙ ነው፤
ጎረቤት ሲሰማኝ የምሰድብ ይመስለው።
«ከልብ!» ስል ይመጣል፣ ሽቦው እየዘፈነ፣
አፍንጫው መዳፌ ላይ፣ እርጥብ እንደሆነ።

ዛሬ ማታ ነፋሱ ከሰሜን ዞሯል፣ ይቆርጣል።
ሸራው ለፀሐይ ነው፤ ለብርድ ምን ያደርጋል?
ጭድ የት ይገኛል በዚህ አገር?
ነገ ኩርያንን ልጠይቅ። ይሳቅ ግድ የለም።